በሰማያዊ ካኑላ ደም አይተካም!

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላል ያገሬ ሰው። አክስቴ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ደብረ ወርቅ ተወልዳ፣ ደብረ ወርቅ ተድራ፣ ደብረ ወርቅ ያረጀች ሴት ናት። ሳንባ ምች ያዛትና ሆስፒታል ተኛች። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልናገርም። ጎጃም ይሁን አዲስ አበባ፣ እሱም ይቅር። ነገሩ የአንድ ሆስፒታል ገመና ብቻ አይደለምና አንዱን ለይቼ ባሳጣ ሌሎቹ «እኛ ደህና ነን» ብለው ሊተኙ ነው።

ሳንባ ምቹ በአራተኛው ቀን ለቀቃት። ትኩሳቱ ወረደ፣ ሳሉ ቀነሰ፣ «አጥሚት አምጡልኝ» አለች። እኛም እፎይ ብለን የምትወጣበትን ቀን መቁጠር ጀመርን። በአምስተኛው ቀን ግን ሌላ ነገር መጣ። መድኃኒቱ ሲገባላት ክንዷ ያቃጥላት ጀመር። «ልጄ፣ ይቺ ነገር ታቃጥለኛለች» አለቻት ነርሷን። «ትንሽ ይቻሉት እማማ፣ ሊያልቅ ነው» ተባለች። ማታም ተናገረች፤ ያው መልስ። በሦስተኛው ዝም አለች። የደጋ ሴት ናት፤ መቻል ያሳደጋት፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ፊት ደጋግሞ መናገር እንደ ድፍረት የሚቆጠርባት። እሷ ዝም ስትል እኛም የዳነች መሰለን።

ፕላስተሩ ሲነሳ የታየው የሚያስደነግጥ ነበር። ካኑላዋ የገባችው እጅ ከክንድ በሚታጠፍበት መጋጠሚያ ላይ ነው። ዙሪያው ቀልቶ አብጧል፤ ከዚያ ተነስቶ እስከ ክርኗ የሚሄደው ደም ሥር ገመድ ሆኗል፤ ከቀዳዳዋ መግል ይወጣል። ፕላስተሩ ላይ መቼ እንደገባች የሚናገር አንዲት ፊደል የለም። ትኩሳቱ ተመለሰ። ለሳንባ ምች የገባችው ሴት ሌላ 11 ቀን ተኛች፤ አሁን ግን የምትታከመው ሆስፒታሉ የሰጣትን በሽታ ነው! የታመመውም ቀኝ እጇ ነው፤ እንጀራ የምትጋግርበት። ሲሰካላት «በየትኛው እጅዎ ነው የሚሠሩት?» ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

አክስቴ ድናለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን የምጽፈው ላልዳኑት ነው።

ለመሆኑ ካኑላ ምንድን ናት?

ሕዝባችን «ግሉኮስ የሚሰካበት» የሚላት ትንሽ የላስቲክ ቱቦ ናት። በመርፌ ላይ ተጭና ደም ሥር ውስጥ ትገባለች፤ መርፌው ይወጣና ለስላሳዋ ቱቦ እዚያው ትቀራለች። ፈሳሽ፣ መድኃኒት፣ ደም የሚገባው በእሷ በኩል ነው። ነገሩ ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1832 ስኮትላንድ ውስጥ ኮሌራ ሕዝብ ሲፈጅ ዶክተር ቶማስ ላታ የሚባል ሐኪም ሰውነታቸው ደርቆ ሊሞቱ በተቃረቡ ሕሙማን ደም ሥር ውስጥ ጨው ያለበት ውሃ አስገብቶ አንዳንዶቹን ከሞት አፋፍ መለሰ። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ሥራው የሚሠራው በብረት መርፌ ነበር። ሕመምተኛው በተንቀሳቀሰ ቁጥር መርፌው ደም ሥሩን ይበሳል። የዛሬዋን የላስቲክ ካኑላ መንገድ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1950 አሜሪካ ውስጥ ማዮ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ዴቪድ ማሳ ነው።

ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሆስፒታል ከሚተኙ ሰዎች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ደም ሥራቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ቱቦ ይገባላቸዋል። ድርጅቱ በግንቦት 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2024) ለዚችው ትንሽ ቱቦ ብቻ የሚሆን ዓለም አቀፍ መመሪያ አውጥቷል። እንዴት ትመረጥ፣ እንዴት ትግባ፣ እንዴት ትያዝ፣ መቼ ትውጣ የሚል ነው። ዓለም ቁም ነገር ብሎ የተሰበሰበባት ነገር እኛ ዘንድ ከፕላስተር ሥር ተረስታ መግል ትቋጥራለች።

ቀለሙ ምን ይላል?

አንባቢ ሆይ! ዘመድህ ሆስፒታል ሲተኛ የካኑላዋን ቀለም አይተህ ታውቃለህ? ቀለሙ ለጌጥ አይደለም። መጠኗን የሚናገር ነው። ብርቱካንማዋ 14 ቁጥር ናት፤ ግራጫዋ 16፤ አረንጓዴዋ 18፤ ሮዟ 20፤ ሰማያዊዋ 22፤ ቢጫዋ 24። ቁጥሩ ሲጨምር ቱቦዋ ትቀጥናለች። ቢጫዋ ለሕፃናትና ደም ሥራቸው ለሳሳ አዛውንት ነው፤ ሰማያዊዋና ሮዟ ለተለመደው መድኃኒትና ፈሳሽ። አረንጓዴዋ፣ ግራጫዋና ብርቱካንማዋ ደም ለሚፈሰው፣ ለመኪና አደጋ፣ ለከባድ ቀዶ ሕክምና።

ልዩነቱ የዋዛ እንዳይመስልህ። የቱቦ ውስጠኛ ስፋት እጥፍ ሲሆን የሚያልፈው ፈሳሽ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። የፊዚክስ ሕግ ነው፤ በካቢኔ ውሳኔ አይሻርም። እንደ ስሪቷ ትንሽ ቢለያይም ግራጫዋ በደቂቃ 180 ሚሊ ሊትር ገደማ ታስገባለች፤ ሰማያዊዋ 35 ገደማ። አንድ ሊትር ከረጢት በግራጫዋ ስድስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ያልቃል፤ በሰማያዊዋ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

አሁን ይህን ይዘህ አንዲት ወላድ አስብ። ለወሊድ በደረሰች ሴት ማኅፀን በኩል በደቂቃ ግማሽ ሊትር ገደማ ደም ያልፋል። ከወለደች በኋላ ማኅፀኗ አልኮማተር ካለ ያ ደም መሬት ላይ ነው የሚፈሰው። በሰማያዊ ካኑላ በደቂቃ 35 ሚሊ ሊትር እያስገባህ በግማሽ ሊትር የሚፈሰውን ልትተካ? በጣሳ ወንዝ እንደ መገደብ ነው። ለዚህ ነው የሙያው ሕግ ደም ለሚፈሳት እናት ሁለት ሰፋፊ ካኑላ፣ አንዱ በአንድ ክንድ፣ አንዱ በሌላው ይግባ የሚለው። መድፊያው ሰፊ ካልሆነ የተገኘው ደምም፣ የተዘጋጀው ከረጢትም ተሰቅሎ ይቀራል። እናቶች «ደም ጠፍቶ» ሞቱ ሲባል እንሰማለን። ስንቶቹ ናቸው ደሙ ተገኝቶ መግቢያ በር ያጡት?

ደም ሥር ሳይሸሽ

ደብረ ወርቅን የማያውቅ ቢኖር፣ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ስመ ጥር የማርያም ገዳም ያለባት ጥንታዊ ከተማ። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አላት። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከአቅም በላይ የሆነበትን ሕመምተኛ ከፍ ወዳለው ሆስፒታል ይልካል፤ ለዚያ አካባቢ ሰው ትልቁ ሪፈር ደብረ ማርቆስ ነው፤ በቢቸና በኩል አድርጎ ረጅም መንገድ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጦርነት መጣ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መንገድ ዛሬ ክፍት ነገ ዝግ የሆነበት ጊዜ ሆነ። በሰላሙ ቀን በሰዓት የሚቆጠረው መንገድ በዚያ ዘመን የዕድል ጉዳይ ሆነ።

እንዲህ ባለ አገር ካኑላ ከመድኃኒት በፊት ናት። ለምን? ደም የሚፈሰው ሰው መጀመሪያ ላይ ደም ሥሩ ገና ሙሉ ነው፤ ይታያል፣ ይዳሰሳል። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ግን ሰውነቱ የቀረችውን ደም ለልብና ለአንጎል ሲያድን የእጅና የእግር ደም ሥሮች ይጨማደዳሉ። ነርሶቹ «ደም ሥሩ ሸሸ» የሚሉት ይህን ነው። በዚያ ላይ የደጋው ብርድ አለ፤ ብርድ ራሱ ደም ሥር ያጠባል። አምቡላንስ ውስጥ፣ በኮረኮንች መንገድ፣ በሌሊት፣ በእጅ ባትሪ የሸሸ ደም ሥር ፈልጎ መውጋት ማለት ቤተ መቅደስ ውስጥ ተአምር መጠበቅ ማለት ነው። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል! ወላዷ አምቡላንስ ላይ ከመውጣቷ በፊት ሁለት ሰፋፊ ካኑላ ገብቶላት፣ በደንብ ታስሮ፣ መሥራቱ ተፈትኖ ነው መሄድ ያለባት። ይህን ለማድረግ ስፔሻሊስት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው መሳቢያው ውስጥ አረንጓዴና ግራጫ ካኑላ መኖሩ ነው።

አለ ወይ? እሱን ነው የምጠይቀው። አክስቴ ተኝታ ሳለ ክንዷ ተበላሽቶ አዲስ ካኑላ ሲያስፈልግ «ከውጭ ግዙ» ተብለን ሦስት መድኃኒት ቤት ዞሬያለሁ። ሁሉም ጋ ያለው ሰማያዊ ነው። አንዱ ባለ መድኃኒት ቤት «ሌላው አይሸጥም፣ ሰው የሚፈልገው ይሄን ነው» አለኝ። ሰው ነው የሚፈልገው? ደም የሚፈሳት ሴት ባል ቁጥር መርጦ፣ ቀለም ለይቶ ይገዛል? እሱ እኮ የተሰጠውን ብጣሽ ወረቀት ይዞ የሚሮጥ ምስኪን ነው!

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ ጤና መድን ዛሬ ገበሬውን በየዓመቱ መዋጮ ያስከፍለዋል። ገበሬው ደብተሩን ይዞ ይመጣል። ካርድ ክፍል ደብተሩን ያያሉ፤ ሐኪሙ ያየዋል፤ ከዚያ «ይህን ከውጭ ግዛ» ይባላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ አብሮ ተሰቀለ። ያን ውሳኔ የወሰኑት ሰዎች በሠንጠረዣቸው ላይ የካኑላ ዋጋ የሚል መስመር ነበራቸው?

«ግሉኮስ ይሰካልኝ!»

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ጥፋቱ የመንግሥት ብቻ አይደለም። እኛም አለንበት። በየከተማው ትንሽ ራሱን ያመመው፣ ትንሽ የደከመው ሰው ክሊኒክ ገብቶ «ግሉኮስ ይሰካልኝ» ይላል። ክኒን ብቻ ታዞለት የተመለሰ ሰው «ምንም ሳያደርጉልኝ» ይላል። አንዳንዱ የግል ክሊኒክም ገበያው ገብቶታል፤ ይሰካለታል፣ ያስከፍለዋል።

በዚያ አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ያለው 50 ግራም ስኳር ነው። የሻይ ማንኪያ 12 ገደማ ማለት ነው። አፉ የሚሠራ፣ የማያስመልሰው ሰው ሁለት ብርጭቆ ሻይ ስኳር አብዝቶበት ከዳቦ ጋር ቢጠጣ ያንኑ ያገኛል፤ ደም ሥሩም አይወጋ፣ ጀርምም አይገባው። በአፍ ሊወሰድ የሚችል መድኃኒት በአፍ መወሰዱ የሙያው የመጀመሪያ ሕግ ነው። ከሁሉም የተሻለችው ካኑላ ያልገባችው ናት። አላስፈላጊ የሆነች አንዲት ካኑላ በገባች ቁጥር ሦስት ነገር ይባክናል፤ ገንዘብ፣ የነርስ ሰዓት፣ ጤነኛ ደም ሥር። ነገ የምር ስትታመም የምትፈልገውን ደም ሥር ዛሬ ለስኳር ውሃ ታባክነዋለህ።

የተረሳችው ካኑላ

ወደ አክስቴ ክንድ ልመለስ። ካኑላ ስትገባ በቆዳ ላይ በር ተከፈተ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ቆዳው ጀርም የሚከለክል አጥር ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ዘበኛ ያስፈልገዋል። ዘበኛው እጅ መታጠብ ነው። ቆዳውን በአልኮል ጠርጎ እስኪደርቅ ግማሽ ደቂቃ መታገስ ነው፤ አልኮሉ ጀርም የሚገድለው ሲደርቅ ነውና። ከተጠረገ በኋላ «ደም ሥሩ የት ነበር?» ብሎ በጣት መልሶ አለመዳሰስ ነው። የሚታጠፍ መጋጠሚያን ትቶ ክንድ ላይ መውጋት ነው። በአዋቂ ሰው እግር ላይ፣ ሌላ መላ ካልጠፋ በቀር፣ አለመውጋት ነው። ሁለቴ ሞክሮ ያቃተው ባለሙያ «እኔ እችላለሁ» ብሎ ክንዱን ወንፊት ከማድረግ የበለጠ ልምድ ያለውን መጥራት ነው። የወጣን መርፌ ቱቦዋ ውስጥ መልሶ አለመክተት ነው፤ ላስቲኩን ቆርጦ ስባሪው በደም ይሄዳልና።

ከገባች በኋላም ሥራው አላለቀም። መድኃኒት ከመግባቱ በፊትና በኋላ በንጹሕ የጨው ውሃ መታጠብ አለባት። ፕላስተሩ ሲረጥብ ወይም ሲቆሽሽ ይቀየራል። በየቀኑ ይታያል፤ ቀላ ወይ? ሞቀ ወይ? አበጠ ወይ? ያማል ወይ? ከነዚህ ሁለቱ ከታዩ ትውጣ፤ ክርክር የለውም። እንደ 40 በመቶ ግሉኮስ፣ እንደ ፖታሲየም ያሉ ደም ሥር የሚያቃጥሉ መድኃኒቶች ሲሰጡማ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። በድንገተኛ ክፍል በጥድፊያ፣ ንጽሕናው ሳይጠበቅ የገባች ካኑላ በ48 ሰዓት ውስጥ ተነስታ ሌላ ቦታ በንጽሕና ትግባ።

«በሦስት ቀን ትቀየር የሚለው ሕግ ተሽሯል» የሚሉኝ ሐኪሞች አሉ። ልክ ናቸው። አውስትራሊያ ውስጥ ክዊንስላንድ ላይ 3,283 ሕሙማንን ያካተተ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጥቷል። በየሦስት ቀኑ የተቀየረላቸውና የሚያስቀይር ምልክት ሲታይ ብቻ የተቀየረላቸው ሲነጻጸሩ የደም ሥር ቁጣው እኩል፣ በሁለቱም ወገን 7 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት ግን «ተዋት፣ ትቆይ» ማለት አይደለም! እዚያ በየቀኑ የሚያያት ዓይን አለ። እኛ ጋ ቀኑ ካልተጻፈ፣ ማንም ካላያት፣ ሦስቱም ቀን አምስቱም ቀን አንድ ነው። ከጥናቱ ግማሹን ብቻ ወስዶ ለስንፍና መሸፈኛ ማድረግ አይቻልም።

ነርሷን ስቀሏት?

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው «እንግዲህ ጥፋተኛዋ ያቺ ነርስ ናት» ሊል ይችላል። እኔም ያን ቀን ብያለሁ፤ ጮኬባታለሁም። ኋላ ግን ሌሊቱን አስታማሚ ሆኜ ሳድር አየሁ። አንዲት ነርስ ለሙሉ ክፍል። አንዱ ይጠራታል፣ አንዱ ያስመልሳል፣ አንዱ ሊሞት ነው። የእጅ መታጠቢያው አለ፤ ውሃ የለውም። እጇን ምን ላይ ትታጠብ? ማሰሪያ ጎማ ስለሌለ ክንድ የምታስረው ጓንት ቀድዳ ነው። ጠዋት ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

ግንቦት 2017 ዓ.ም. የአገሪቱ የጤና ባለሙያዎች «ደመወዛችን አያኖረንም» ብለው ሥራ ሲያቆሙ ምን እንደተደረገ አንረሳም። በርካቶች ታሠሩ። ሐኪም በደመወዙ ምክንያት በታሠረበት አገር «ለምን በየስምንት ሰዓቱ ካኑላውን አላየህም?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት ይጠይቃል። እኔ ግን ሁለቱንም እጠይቃለሁ። የባለሙያ ረሃብ እውነት ነው፤ የአክስቴ ክንድም እውነት ነው። አንዱ ሌላውን አያስተሠርየውም። «ያቃጥለኛል» ያለች ሴት ዞር ብሎ ማየት በጀት አይጠይቅም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩን ለሁለት መክፈል ያለብን። ገንዘብ የሚጠይቅ አለ፤ የሁሉም ቁጥር ካኑላ መኖር፣ አልኮል፣ ጓንት፣ የቧንቧ ውሃ፣ የነርስ ቁጥር፣ የነርስ ደመወዝ። ይህ የመንግሥት ዕዳ ነው። ከእስክሪብቶ በቀር ምንም የማይጠይቅም አለ፤ ፕላስተሩ ላይ ቀንና ሰዓት መጻፍ፣ «የሚሠሩበት እጅ የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ የማታስፈልገውን ማውጣት፣ የሕመምተኛን ቃል ማመን። ይህ የባለሙያው ዕዳ ነው። መንግሥት የሁለተኛውን ጉድለት እያሳየ ከመጀመሪያው ዕዳው ሊያመልጥ አይገባም። ባለሙያውም የመጀመሪያውን ጉድለት እያሳየ ከሁለተኛው።

ሰሙና ወርቁ

ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ሰምና ወርቅ መለየት እዚያ የልጅ ትምህርት ነው። የጤና ፖሊሲያችንም ቅኔ ሆኖብናል። ሰሙ ሕንጻው ነው። ሕንጻው ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ቴሌቪዥን ይመጣል፣ «ይህን ያህል ሆስፒታል ገነባን» ይባላል። መሠራቱ መልካም ነው፤ ማን ይጠላል? ወርቁ ግን መሳቢያው ውስጥ ነው ያለው። መሳቢያው ተከፍቶ አረንጓዴ ካኑላ ከሌለ ያ ሁሉ ሕንጻ ሰም ብቻ ነው፤ ይቀልጣል። መራቂው ባለሥልጣን ሪባኑን ከቆረጡ በኋላ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «እስቲ የድንገተኛ ክፍሉን መሳቢያ ክፈቱልኝ» ቢሉ ምን ነበረበት?

እንግዲህ የምለው ይህ ነው።

አንደኛ፤ በማንኛውም ማዋለጃና ድንገተኛ ክፍል ከ14 እስከ 24 ያለው ካኑላ ሁሉ እንዳይጠፋ ይደረግ። አረንጓዴና ግራጫው ያለቀበት ሆስፒታል ኦክስጅን እንዳለቀበት ይቆጠር፤ ኃላፊውም በዚያው ልክ ይጠየቅ። የጤና መድን መዋጮ የከፈለ ሰው ካኑላ ከውጭ ግዛ መባሉ ይቁም።

ሁለተኛ፤ ደም እየፈሰሳት ሪፈር የምትባል እናት ሁለት ሰፋፊ ካኑላ ሳይገባላት አምቡላንስ አይንቀሳቀስ። ይህ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፣ ይፈረምበት።

ሦስተኛ፤ ቀንና ሰዓት ያልተጻፈበት ፕላስተር አይኑር። በየጠዋቱ ሐኪም ሲዞር «ይቺ ካኑላ ዛሬ ታስፈልጋለች?» ተብሎ ይጠየቅ። የማታስፈልግ ከሆነ እዚያው ትውጣ።

አራተኛው ለአንተ ነው፣ አንባቢዬ። አስታማሚ ሆነህ ስትገባ ምግብ ማመላለስ ብቻ አይደለም ሥራህ። የዘመድህን ክንድ በየቀኑ ግለጠው። «ሲስተር፣ ይቺ የገባችው መቼ ነው? አሁንም ታስፈልገዋለች?» በል። በትሕትና፣ ግን በል። ይሉኝታ ደም ሥር አያድንም። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባል የለ? ሆስፒታል ውስጥ አፍ የሌለው ክንዱን ያጣል።

አክስቴ ዛሬ ደብረ ወርቅ ናት። ቀኝ እጇ ቶሎ ስለሚደክማት እንጀራውን የምትጋግርላት ጎረቤቷ ናት። ስልክ ደውዬ «ክንድሽ እንዴት ነው?» ስላት «ደህና ነው፣ እሱ ይመስገን፤ እሷንስ ልጅ አትቆጧት፣ ሥራ በዝቶባት ነው» ትለኛለች። ነርሷን ነው የምትለው። እሷ ይቅር ብላለች። ይቅር ለማለት መብቱ ያላት እሷ ናት። እኛ ግን መሳቢያውን ባዶ ላደረጉት ይቅር የምንልበት ምክንያት የለንም።

ልብ ያለው ልብ ይበል!